«አጎቴ ቢሆንስ?»

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አምና ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የግቢያችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሙናል ቤቱ ውስጥ መሰብሰብ ጀመርኩ። ራሳቸውን ከጥቃት እንዲጠብቁ ላስተምራቸው ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያወራሁት ሁሉ ስለማያውቁት ሰው ነበር። ከረሜላ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፣ መኪና ግቡ ቢላችሁ አትግቡ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «አጎቴ ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በኋላ ለብቻዋ ጠጋ ብዬ አነጋገርኳት። ደግነቱ የደረሰባት ነገር የለም። አጎቷ ሲመጣ ጭምቅ አድርጎ ሲስማት አትወድም፤ «እምቢ ማለት ግን ነውር ነው» ተብላለች።

ማታ የወንጀል ሕጉን አነበብኩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ሕግ፣ በልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ያደረሰው አስተማሪዋ፣ አሳዳጊዋ ወይም የቤት ሠራተኛ አድርጎ የቀጠራት ሰው ከሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። እኔ የዘለልኩት እነዚህን ነበር፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚያገኟቸውን፣ የሚያምኗቸውን።

ሌላው ያስቸገረኝ ቃል ነው። የሰውነት ክፍሎችን ስም ልናገር ስል አፌ ተያዘ። እኛ «እንትን» እያልን ነው ያደግነው። ጨዋ የሚባለው ቃል ደግሞ «ሐፍረተ ሥጋ» ነው። ስሙ ራሱ ሐፍረት ከሆነ፣ ልጅ የደረሰባትን እንዴት አፏን ሞልታ ትናገር? «ብልት» ማለት ጀመርን። መጀመሪያ ተሳሳቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ አንዲት እናት ደረጃው ላይ አገኘችኝ። «እንግዳ ሳሚ ብላት እምቢ አለችኝ! ልጄን ባለጌ አደረግሽብኝ እኮ!» ተቆጥታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወላጆችን ሳላናግር ነው የጀመርኩት። በሳምንቱ ቡና አፍልቼ ሁሉንም ጠራሁ። ልጅ ካልፈለገ በእጅ ሰላም ማለት ይበቃል ብለን ተስማማን። አንድ አባት «ወንድ ልጅ ላይ ደግሞ ምን ይደርሳል?» አለ። ይደርሳል። «ወንድ አያለቅስም» እየተባለ ስላደገ ደግሞ ዝም ይላል።

ለወላጆቹ አጥብቄ የነገርኳቸው ይህን ነው። ልጅ ከነገረቻችሁ አትጩኹባት፤ «ለምን ሄድሽ?» አትበሏት። ገላዋን ሳታጥቡ፣ ልብሷን ሳትቀይሩ ሐኪም ቤት ውሰዷት። እዚሁ ቅርባችን፣ ጋንዲ ሆስፒታል፣ ሕክምናውም ፖሊሱም የምክር አገልግሎቱም አንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ገበናችን ነው፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» ስንል የሚያልፈው ጊዜ ይኸው ነው።

ከታዳጊዎቹ ጋር ብዙ ያወራነው ስለ ስልክ ነው። ፎቶሽን እለቅብሻለሁ የሚል ሰው ቢመጣ መልእክቱን አታጥፉ፣ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ቶሎ ተናገሩ አልኳቸው።

በክረምቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ልጆቹ እጃቸውን ወረቀት ላይ አሳርፈው ሣሉ። በየጣቱ ላይ ችግር ቢገጥማቸው የሚነግሩትን ሰው ስም ይጽፋሉ። ሁለት ሕፃናት ይዛ የምትመጣ የአሥራ አራት ዓመት የቤት ሠራተኛ አለች። ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ ነበር የምታዳምጠው። ያን ቀን ገብታ እንድትቀመጥ ለመንኳት። እጇን ሣለች፤ አምስቱም ጣቶች ባዶ ነበሩ። «እኔ እዚህ ማንንም አላውቅም፣ እትዬ» አለችኝ።

አውራ ጣቱ ላይ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።