ለሀዋሳ ሐይቅ የመንጠቆ እርሳስ፦ ፎርማውን እንዴት መረጥኩ

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር መንጠቆ የሚጥል ሰው የማስመጫ፣ ማለትም መንጠቆውን ወደ ታች የሚያወርደው ክብደት፣ ችግር ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ለዓመታት ያገኘሁትን ነበር የማስረው፤ ድንጋይ፣ ዳዶ፣ ያረጀ ካንዴላ። ካንዴላ ለማሰር ይመቻል። ፊላ ውስጥ ከገባ ግን በቃ፣ ጠርዙ ሁሉ ይይዛል። ባለፈው ክረምት በአንድ ጠዋት ብቻ አራት መንጠቆ ከነካንዴላው ሐይቁ ውስጥ ቀረብኝ። ያን ቀን እርሳስ ራሴ አቅልጬ ለማፍሰስ ወሰንኩ።

እርሳሱን ማግኘት ቀላል ነበር። ጎሚስታዎች ከጎማ ላይ የሚነቅሉትን የባላንስ እርሳስ በጣሳ ያጠራቅማሉ፤ በትንሽ ብር ሰጡኝ። ወራት የፈጀብኝ የቀለጠው እርሳስ ፈሶ ቅርጽ የሚይዝበት ፎርማ ነው።

መጀመሪያ እንጨት ሞከርኩ። ሁለት ጣውላ ገጣጥሜ መሃሉን ፈለፈልኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እርሳሶች ጥሩ ወጡ። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው፤ እንጨት ይህን ሙቀት ደጋግሞ አይችልም። ጠርዙ እየከሰለ ጉድጓዱ ሰፋ፤ አሥረኛው ላይ ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል ነገር ወጣ። ለአንድ ቀን ሙከራ ግን እንጨት አይናቅም።

ቀጥሎ ሸክላ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። ፎርማው ላዩ ደርቋል ብዬ አፈሰስኩበት። ውስጡ እርጥብ ነበር። የቀለጠ እርሳስ እርጥበት ሲነካ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆንና እርሳሱን ወደ ላይ ይረጨዋል። ክንዴ ላይ ሁለት ቦታ አቃጠለኝ። ዓይኔን ያተረፈኝ የብየዳ መነጽር ነው፤ እሱንም ያደረግኩት ጎረቤቴ ስለጨቀጨቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎርማም ሆነ ጭልፋ ምድጃው አጠገብ በደንብ ሳይሞቅ እርሳስ አይነካም።

ወደ ብረታ ብረት ከማለፌ በፊት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄጄ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሣ አጥማጅ አማከርኩ።

«ጋሼ፣ ለአምባዛ ምን ዓይነት ቅርጽ ይሻለኛል? እንደ እንባ ሾጠጥ ያለውን አስቤ ነበር» አልኳቸው።

«እሱ ሩቅ ይወረወርልሃል» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ እዚህ ታቹ ጭቃ ነው። ሾጣጣው ይቀበራል። ክቡ ደግሞ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ እየተንከባለለ ፊላ ውስጥ ይከትሃል። ጠፍጣፋ አድርገው፣ እንደ ሳንቲም።»

እኔ እስከዚያ ሰዓት የማስበው ስለሚያምር ቅርጽ ነበር። ስለ ጭቃው አንዴም አላሰብኩም።

ክብደቱን 60 ግራም ላይ ቆረጥኩ። ከዚያ በላይ ዘንጌ ይከብደዋል፤ ከዚያ በታች ማዕበሉ ይገፋዋል። ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ንጹህ እርሳስ 11.3 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 5.3 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጉድጓድ ያስፈልገኛል። 30 ሚሊሜትር ስፋትና 7.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሳንቲም ልክ ይመጣል። በተግባር 58 ግራም ገደማ ነው የወጣልኝ፤ የባላንስ እርሳስ አንቲሞኒ ስለሚገባበት ከንጹሁ ትንሽ ይቀላል። ለመንጠቆ ምንም ለውጥ የለውም።

ቶርኖ ቤት ወስጄ በአሉሚኒየም አሠራሁት። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለሆነ እርሳስ አያስጨንቀውም፤ ለመቁረጥም ከብረት ይቀላል። እያንዳንዱ ግማሽ 3.75 ሚሊሜትር ጥልቀት አለው። ባለሙያው የጉድጓዱን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ሊያወጣው ሲል ትንሽ ዘመም እንዲያደርገው ለመንኩት። ቀጥ ካለ እርሳሱ ይነክሳል፣ በመዶሻ እየመታህ ነው የምታስወጣው። ለክር ማስገቢያው ቀዳዳ የብስክሌት ራጂ በመሃሉ እንዲያልፍ አደረግን። ራጂውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፤ እርሳሱ ገና ትኩስ እያለ በፒንሳ ሲሳብ ይወጣል።

የረሳሁት የአየር መውጫውን ነው። የመጀመሪያዎቹ እርሳሶች አንድ ጎናቸው ባዶ ሆኖ ወጣ። አየሩ የሚሄድበት ሲያጣ እርሳሱን ይከለክለዋል። በቀጭን ሞረድ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ ሦስት ጭረት ሳወጣለት ተስተካከለ። ላዩ የተጨማደደው ደግሞ ፎርማው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነበር። አሁን የመጀመሪያዎቹን አምስት አፍስሼ ወደ ድስቱ እመልሳቸዋለሁ፤ ስድስተኛው ላይ ፎርማው ሙቀቱን ያገኛል። የጉድጓዱን ውስጥ በሻማ ጭስ ማጥቆርም ጠቅሞኛል፣ እርሳሱ ሳይጣበቅ ይወድቃል።

ከባላንሱ መሃል ዚንክ የሆነም ይገኛል። በፒንሳ ሲነከስ እርሳስ ይቀበላል፣ ዚንክ አይበገርም። ያመለጠው ደግሞ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ስለሆነ፣ እሳቱን ካላበዛሁት ላይ ይንሳፈፋል፤ በጭልፋ አነሳዋለሁ። አንዴ ከተቀላቀለ ግን እርሳሱ ገንፎ ይመስላል፣ ፎርማም አይሞላም።

የመኪና ባትሪ ከፍቶ እርሳሱን ማቅለጥን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። አሲዱና በውስጡ ያለው ዱቄት መርዝ ነው። የባላንሱም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። የማቀልጠው ከቤት ውጭ ነው፣ ንፋሱን በጀርባዬ አድርጌ፣ ልጆች በሌሉበት። ድስቱና ጭልፋው ወደ ወጥ ቤት አይመለሱም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ የሕፃናትን አእምሮ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። እጄንና ልብሴን ሳልታጠብ ልጄን አላቅፍም።

ቆሮሶ ለሚባለው አሣ የሚሆን ትንንሽ እርሳስ አልሠራም። እንግሊዝ አገር ስዋን የሚባሉት የውሃ ወፎች እየዋጡት ይሞቱ ስለነበር ከ28 ግራም በታች የሆነው በ1987 እ.ኤ.አ. ታግዷል። የእኛም ሐይቅ ዳር ወፍ የሞላበት ነው። ለቆሮሶ ትንሽ ዳዶ ይበቃኛል።

ውጤቱን ጋሼ ጋ ወስጄ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና በጥርሳቸው ሊነክሱት ሲሉ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ለመረባቸው እርሳስ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። የባላንሱ ግን ለመረብ አይሆንም፤ ጠንካራ ስለሆነ ገመድ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለእሱ ለስላሳው ነው የሚያስፈልገው። ከድሮ የስልክ ኬብል ሽፋን ላይ ሁለት ኪሎ ያህል አግኝቼ ለብቻው በሌላ ጣሳ አስቀምጫለሁ። ለመረብ እርሳስ የሚሆነውን ረጅም ፎርማ ሥዕልም ለቶርኖ ቤቱ ሰጥቻለሁ፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ የአየር መውጫ አለው።