ተሰርዞም ያልለቀቀው ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሚያስገባበት ሰዓት፣ ከዚራ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ደውሎ ኮምፒውተሩ አንድ ፎቶ እንኳ አላስቀምጥ እንዳለው ነገረኝ። ስደርስ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ማሽን ስክሪን ላይ ዲስኩ ቦታ እንደሌለው የሚገልጽ መልእክት ተደቅኖ ነበር። ወዳጄን ያናደደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ «አቦ፣ 40 ጊጋባይት ሰርዣለሁ እኮ! የት ገባ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ዲስኩ 100 በመቶ መሙላቱን ሲያሳይ፣ የፋይሎችን መጠን እየደመረ የሚቆጥረው «ዲዩ» ግን 40 ጊጋባይት ያህል ያነሰ ድምር ሰጠኝ። ሁለቱ እንዲህ ሲለያዩ መጀመሪያ የምጠረጥረው ተሰርዞም በፕሮግራም የተያዘ ፋይልን ነው። በሊኑክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከማህደሩ መፋቅ ነውና፣ ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ወዳጄ የሰረዘው የኅትመት ፕሮግራሙን የሎግ ፋይል (ፕሮግራሙ የሚሠራውንና ስህተቱን የሚመዘግብበትን) ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከወራት በፊት የተነቀለ ፕሪንተር እየፈለገ ያንኑ የስህተት መስመር ሌት ተቀን ይጽፍበት ነበር። «ኤልሶፍ» በተሰኘው ትእዛዝ ስማቸው ጠፍቶ ክፍት የቀሩትን ፋይሎች ስዘረዝር፣ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት የያዘው ያ ፋይል ብቅ አለ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ሳስነሳው ቦታው ወዲያው ተለቀቀ። ፋይሉን በመሰረዝ ፈንታ ይዘቱን ወደ ዜሮ አሳጥሮት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። የሌለውን ፕሪንተር ከዝርዝሩ ሳላወጣ ግን አልተነሳሁም።

ዲስኩ ሞልቶም እኔ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ መለያ መሥራት የቻልኩት፣ ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ሲዘጋጅ በተለምዶ 5 በመቶውን ለሩት ስለሚያስቀር ነው፤ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 50 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ፎቶ ብቻ በሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ወደ 1 በመቶ ባወርደው አልሰጋም፤ ሲስተሙ ባለበት ዲስክ ላይ ግን አልነካውም።

ቢተርኤፍኤስ በተባለ ሌላ የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀው የመጠባበቂያ ዲስክም ሞልቶ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ለመሰረዝ እንኳ ቦታ የለኝም አለ! ይህ የፋይል ሥርዓት ለውጥን ሁሉ በአዲስ ቦታ ላይ ስለሚጽፍ፣ መሰረዙን ለመመዝገብም ጥቂት ባዶ ቦታ ይሻል። በዚያ ላይ የቀድሞ ስናፕሾቶች፣ ማለትም ዲስኩ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዙ ቅጂዎች፣ አሮጌ ፎቶዎችን አቅፈው ስለሚይዙ፣ እነሱ እስካሉ ድረስ ፎቶውን ብቻ መሰረዝ አይጠቅምም። ባዶ ፍላሽ በጊዜያዊነት ጨምሬለት ወዳጄ አያስፈልጉኝም ያላቸውን አሮጌ ስናፕሾቶች ሰረዝኩ፤ ከዚያ ፍላሹን ከሥርዓቱ እንዲያስወጣው አዘዝኩት። ይህ ሳያልቅ ፍላሹን መንቀል ዲስኩን ማበላሸት ስለሆነ፣ ወዳጄ ሻይ አስመጥቶ ትእዛዙ እስኪጨርስ ጠበቅን።