ዓርብ ማታ፣ 50 ለ50

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ትናንት ማታ ከሥራ የወጣሁት ከሰዓቴ በጣም ዘግይቼ ነው። የምንከባከባቸው አዛውንት ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ወስደው ይተኛሉ። ትናንት ግን ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ስነሳ "ተይው፣ ድምፁን ሳላይ አልተኛም" አሉኝ። እኔም ላጠፋው አልፈለግኩም ነበር። ካፖርቴን መልሼ ሰቀልኩና ከአልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የአሜሪካ ሴኔት ለመከላከያ ሚኒስትር ሹመት ድምፅ ሲሰጥ ቁጭ ብዬ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፖለቲካ ከቤታችን የወሰደውን ስለማውቅ ከወሬው እሸሻለሁ። አሁን ግን ልጄ ወታደር ናት። 23 ዓመቷ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ መድፈኛ ናት። ስትመዘገብ ሁለት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣኝም። እሷ የተቆጣሁ መስሏት ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ እሷን ባየሁ ቁጥር ወንድሜ ይታየኝ ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዶናልድ ትራምፕ ፒት ሄግሴትን ለመከላከያ ሚኒስትርነት ሲያጩ ልጄ አንድ የድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። ሰውየው ከመታጨታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሴቶች በውጊያ ክፍል ውስጥ መኖር የለባቸውም ሲሉ የተናገሩት ነው። ልጄ ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፍቶኝ "እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" ብቻ አልኳት። የውጊያ ክፍሎች ሁሉ ለሴት የተከፈቱት እኮ ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ልጄ ያኔ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጄን የምትይዝ ልጅ ነበረች።

ጥር 6 ቀን በሴኔቱ የመከላከያ ኮሚቴ ፊት ሲጠየቁ ግን ቃላቸው ለዘብ አለ። መስፈርቱ ለሁሉም እኩል ከሆነና ዝቅ ካላለ ሴቶችም በውጊያ ክፍል ይቀጥላሉ አሉ። ሰምቼ ትንሽ ተነፈስኩ። ስለ መጠጥም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተፈጸመ ስለተባለው የፆታ ጥቃትም ብዙ ተጠየቁ። ሁለቱንም ክደዋል፤ ክስም አልተመሠረተባቸውም። ከተሾምኩ አንዲት ጠብታ አልቀምስም ሲሉም ቃል ገብተዋል። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ፍርድ ልሰጥ አልችልም።

ኮሎኔሉ ዕድሜ ልካቸውን ሪፐብሊካን ናቸው። መጀመሪያ ላይ ዕጩውን ወደዋቸው ነበር። "ኢራቅም አፍጋኒስታንም የዘመተ ሰው ነው፤ ለጦር መሣሪያ ኩባንያ ሲሠራ ከርሞ የመጣ ጄኔራል ስንት ጊዜ አይተናል!" ይሉኝ ነበር። ነገሩ ለእኔም ስሜት ይሰጠኛል። አቧራ ላይ የተኛ ሰው አቧራ ላይ የሚተኛውን ይረሳል ብዬ አላስብም። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ኮሎኔሉ ዝም እያሉ መጡ። ያስከፋቸው ዕጩው ሳይሆን የፓርቲያቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ነገር ነው።

ሪፐብሊካኖች ሴኔት ውስጥ 53 ናቸው። ዴሞክራቶቹ ሁሉ እንቢ ካሉ፣ ከራሳቸው ወገን ሦስት ሰው ቢጎድል 50 ለ50 ይሆንና ምክትል ፕሬዚዳንቱ በድምፃቸው ያድኗቸዋል፤ አራት ከጎደለ አለቀ። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ ገና የልባቸውን ባልተናገሩ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ሆነ። እንዲያውም ታኅሣሥ ሳይገባ ዕጩው ሊቀየሩ ነው፣ የፍሎሪዳው ገዢ ሮን ዴሳንቲስ እየታሰቡ ነው ተብሎ ተወርቶ ነበር። ከሁሉ በላይ የተከታተልኩት ግን የአይዋዋን ሴናተር ጆኒ ኧርንስትን ነው። እርሳቸው ራሳቸው ወታደር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሻምበል ይዘው ኩዌት ዘምተዋል፤ በሌተና ኮሎኔልነት ነው ጡረታ የወጡት። በወጣትነታቸው የመደፈር ጥቃት እንደደረሰባቸው በአደባባይ የተናገሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ቀርበው ገና እሺ ለማለት እንዳልደረሱ በግልጽ ተናገሩ። "ለልጄ የምትናገር ሰው ተገኘች" አልኩ በልቤ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም አይቷል። የራሳቸው ወገን ተነሳባቸው። ማስታወቂያ ተሠራባቸው፤ በመጪው እ.ኤ.አ. 2026 ምርጫ በፓርቲው ውስጥ ተወዳዳሪ እናቆምብዎታለን ተባሉ። የጥያቄና መልሱ ቀን ሲያልቅ እደግፋለሁ አሉ። ምናልባት ቀርበው አነጋግረዋቸው፣ መልሱ በእውነት አሳምኗቸው ይሆናል፤ የሰው ልብ ውስጥ አልገባም። ዜናውን የሰማሁት ለኮሎኔሉ ሾርባ እያሞቅኩ ነው። ማንኪያውን አስቀምጬ ቆምኩ። በእርሳቸው ልፈርድ አፌን ስከፍት የራሴ ነገር መጣብኝ።

ከዓመታት በፊት የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሲመርጥ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የታጨው ሰው ገንዘብ አያያዙ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ደረሰኝ ጠይቄው ተቆጥቶኛል። ያጨችው ግን እዚህ አገር ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላኝ፣ አምስት ወር ሳሎኗ ውስጥ ያኖረችኝ እትዬ ናት። ከፊት ወንበር ዞራ ፈልጋ አየችኝ። እጄን አወጣሁ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ይሉኝታ ብቻ ነው። ከጎኔ የነበረችው ሴት እኔን አይታ የእሷንም አወጣች፤ ይህን አልረሳውም።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ አባላችን በድንገት አረፈ። አስከሬኑ አገር ቤት መሄድ ነበረበት። ገንዘቡ ቦታው ላይ አልነበረም። የሟች እኅት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነጠላዋን ዘርግታ ስትቆም፣ ሰው አምስትም አሥርም ዶላር ሲጥልላት አየሁ። እኔም 100 ዶላር ጣልኩ። ቀና ብላ አየችኝና "አንቺም እኮ እጅሽን አውጥተሽ ነበር" አለችኝ፤ ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት ባገኘኋት ቁጥር አንገቴን እሰብራለሁ።

ስለዚህ ትናንት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ በንጹሕ ልብ አልነበረም የተቀመጥኩት።

ድምፁ እስኪጀመር ኮሎኔሉ ያለፈ ነገር ያነሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1989 ፔንታገን ይሠሩ ነበር። ያን ጊዜ ትልቁ ቡሽ ጆን ታወር የተባሉ የቴክሳስ ሰው ለዚሁ ቦታ አጭተው ነበር። ታወር ራሳቸው የሴኔቱ የመከላከያ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩ፣ የድሮ ባልደረቦቻቸው የሚፈርዱባቸው ሰው። ገና በመጀመሪያው ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ፖል ዌይሪክ የሚባሉ ሰው ቀርበው ስለ መጠጣቸውና ስለ ሴት ነገራቸው መሰከሩባቸው። የኤፍ ቢ አይ ሪፖርት ተዘጋጅቶ ሴናተሮች በዝግ ክፍል እየገቡ አነበቡት። ታወርም በቴሌቪዥን ወጥተው ከተሾምኩ መጠጥ የሚባል አልነካም ብለው ቃል ገቡ። ያው ቃል፣ ከ36 ዓመት በፊት። አልጠቀማቸውም፤ 53 ለ47 ወደቁ። ከራሳቸው ፓርቲ አይሆንም ያሉት የካንሳሷ ናንሲ ካስባም ብቻ ነበሩ። በሳምንቱ ዲክ ቼኒ ያለ አንድ ተቃውሞ 92 ለ0 ጸደቁ። ቼኒ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የለቀቁትን የፓርቲ ኃላፊነት ኒውት ጊንግሪች በሁለት ድምፅ ብልጫ፣ 87 ለ85፣ ያዙት። "ፓርቲያችን ዛሬ የሆነውን መሆን የጀመረው ያኔ ነው" አሉ ኮሎኔሉ፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

እኔ ግን ቀኑ ላይ ቀርቼ ነበር። ታወር የወደቁት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ማርች 9 አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩት፤ የካቲት 30 ቀን 1981 ዓ.ም.።

በዚያው የካቲት ወንድሜ ሽሬ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ከደሴ ሲወስዱት 19 ዓመቱ ነው። እዚያ የነበረው የመንግሥት ጦር፣ 604ኛው ኮር፣ መፍረሱ እኛ ዘንድ የደረሰው በሹክሹክታ ነው፤ ሬዲዮው የሚያወራው ሌላ ነበር። እናቴ ወራት ሙሉ ከሰሜን የሚመጣ መኪና ቆመ በተባለ ቁጥር ፎቶውን ይዛ ትሄዳለች። ማን እንደላከው፣ ማን "ያዙ" ብሎ እንዳዘዘ፣ ማን "ይቅር" ሊል ፈልጎ እንደፈራ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። ግንቦት 8 ቀን ጄኔራሎቹ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ሲነሱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ሚኒስቴሩ ውስጥ ተገደሉ። በእኛ አገር ስለ መከላከያ የነበረው ክርክር በዚያ ዓመት የተቋጨው እንዲህ ነው። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ያለችው ትዝ ይለኛል፦ "የእሳቸውስ ልጆች አስከሬን አገኙ።"

ለኮሎኔሉ ይህን ነገርኳቸው። አራት ዓመት አብረን ስንኖር ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ምንም አላሉም። እጄን ያዙ፤ ደም ሥራቸው የወጣ ቀዝቃዛ እጅ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስም መጠራት ጀመረ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። መቶውም በስማቸው ይጠራሉ፤ አዎ ያለውም አይ ያለውም በስሙ ይጻፋል። የአላስካዋ ሊሳ መርኮውስኪና የሜይኗ ሱዛን ኮሊንስ ከዋዜማው ጀምረው አይ እንደሚሉ ተናግረው ነበር፤ አሉም። ከዚያ ሚች ማኮኔል። 18 ዓመት የሪፐብሊካኖች መሪ ሆነው ሴኔት ውስጥ የኖሩ፣ በልጅነታቸው የያዛቸው ፖሊዮ እግራቸውን የጎዳቸው፣ 82 ዓመት የሞላቸው ሰው። አይ አሉ። ኮሎኔሉ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞክረው ስላቃታቸው ደገፍኳቸው። አራተኛ ሰው ይገኝ ይሆን ብለን የጠበቅነው የሰሜን ካሮላይናውን ቶም ቲሊስን ነው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ ምርጫ የሚዘጋጁ ነበሩ። ድምፁ እየተሰጠ እያለ እደግፋለሁ የሚል መግለጫ አወጡ።

50 ለ50 ሆነ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ. ዲ. ቫንስ መዶሻቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበርና ድምፃቸውን ጨመሩ። ለካቢኔ ዕጩ ምክትል ፕሬዚዳንት እኩል ድምፅ ሲፈታ በዚህች አገር ታሪክ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2017 ለትምህርት ሚኒስትሯ ቤትሲ ዴቮስ የተደረገው ነው።

ማኮኔል ወዲያው መግለጫ አወጡ። ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደርና ሲቪል፣ አንድ ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት የሚመራ ሰው በየቀኑ የሚፈተን ነው የሚል አለበት። ኮሎኔሉ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ "እሱ አሁን ምንም የሚያሳጣው የለም፤ መሪነቱን ለቋል። እኔ የማየው የሚያጣ ነገር ያለውን ሰው ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ።

በመንገዴ ፔንታገን አጠገብ አለፍኩ። መብራቱ እንደ ሁልጊዜው በርቷል። ከሦስት ሚሊዮኑ አንዷ የእኔ መሆኗን ሳስብ ሆዴ ባባ። የተሾሙት ሰው ይሳካላቸው ብዬ ከልቤ ጸለይኩ፤ የልጄ ነገር በእጃቸው ነውና እንዲወድቁ አልመኝም። የሚያመኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ 50 ሰዎች መካከል እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እጄን ባወጣሁበት ልብ አዎ ያለ አንድ እንኳ ይኑር አይኑር ማወቅ አልችልም። ለልጄ የተሰጠ ድምፅ እንደዚያኛው የእኔ ድምፅ ከሆነ አዝናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ አየሽ?"

"አየሁ። አንቺስ?"

"ተኝቼ ነበር። ዛሬ ሜዳ ወጥተን መድፍ እያጠብን ነው፤ እጄን ብታዪው!" ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማል። ፈርተሽ እንደሆነ ብዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት። እሷ ቀደመችኝ፤ "እኔ መስፈርቱን አልፌያለሁ፣ እማዬ። ከወንዶቹ እኩል ተሸክሜ ነው ያለፍኩት። የሚቀየር ነገር ካለም ያንን አይቀይሩትም" አለች። ቀጥላ ሽሮዋ ማለቁን፣ በሶ ካለኝም እንድልክላት ነገረችኝ።

ሽሮውን በሁለት ላስቲክ አሰርኩት። በሶ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ አንድ ወፍራም ካልሲ ጨመርኩ። ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ቶሎ ስለሚዘጋ ካፖርቴን ደርቤ እንደ መሮጥ አልኩ። ካርቶኑ ላይ አድራሻዋን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከስሟ በፊት ማዕረጓን ጻፍኩ።