ጎሽ በእንግሊዝኛ

ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነበር። የአንዱን ተማሪ ደብተር አርሜ ከሥሩ «ናይስ» ብዬ ጻፍኩለት። በእረፍት ሰዓት ስልኩን ይዞ መጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ቃል ድሮ ሞኝ ማለት ነበር ይላል፤ ሰደቡኝ እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ልክ ነው፤ የላቲኑ ሥር «የማያውቅ» ማለት ነው። «ቴሪፊክ»ም መጀመሪያ አስፈሪ ነበር፣ ዛሬ ግን ትልቅ ሙገሳ ነው። እንግሊዞች ደግሞ «ኖት ባድ» (መጥፎ አይደለም) ሲሉ ብዙ ጊዜ ወደውታል ማለት ነው። (እኛም «ምንም አይልም» እንላለን፤ እናቴ ወጤን ቀምሳ እንዲህ ካለች ግን ጨው አንሶታል።)

«ናይስ»ን ሰረዝኩና በቀይ እስክሪብቶ «ጎሽ!» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ እየሮጠ ወጣ።