የገና ኳስ

«ኳስሽ አልበረከተም» አለችኝ እማዬ በስልክ።

2008 ዓ.ም. ነው፤ የገና ማግስት። እኔ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጋደም ብያለሁ። እሷ መንዝ ናት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«የምን ኳስ?»

«የላክሽው ነዋ! አንዱን የወንድምሽ ልጆች ዕለቱን ተርትረው ጨረሱት። አንዱ ገደል ገባ። አንዱን በሬ ረገጠው። ሩር እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ? ኮከቧንማ ትንሿ ላሰቻት። ጣፋጭ ናት አለች።»

ዐይኔ እስኪደክም ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራኋቸው ጌጦች ናቸው። ስድስት በሱፍ ክር የተሠሩ ድቡልቡል ኳሶችና አንዲት የኪሮሽ ኮከብ። በቀይና በነጭ ክር አበባ ጥዬባቸዋለሁ። ልስቅ ነው ላለቅስ ግራ ገባኝ።

ጥፋቱ ግን የኔው ነበር። ዕቃውን ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ስሰጥ ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «የገና ኳስ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጀርመኖች ዛፍ ላይ የሚሰቅሉትን ጌጥ እንደዚያ ብለው ስለሚጠሩት ቃሉን እንዳለ መለስኩት። መንዝ ላይ ግን የገና ኳስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዱላ የሚመታው። የወንድሜ ልጅ አነበበ፣ ቆልማማ ገናውን ከጓዳ አወጣ፣ ሜዳ ወረደ። ልጁ ምን ያድርግ?

የከተማ ልጆች ለማታውቁት፣ ሩር የሚባለው የገና ጨዋታ ኳስ ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል። ቅልጥም ላይ ካረፈ ያስነባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ወዶ አይደለም። እዚያ መሐል የኔ ለስላሳ የሱፍ ኳስ ስትገባ አስቡት።

እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገባሁ ልንገራችሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እዚያ ኦማ የምላቸው አሮጊት አሉ። ኦማ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሻይ ስሰጣቸው ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ይፈሳል። የሹራብ መርፌ ሲይዙ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል። እውነቴን ነው፣ ቀጥ ነው የሚለው። ሐኪሙም አይቶ ተገርሟል።

አንድ የኅዳር ማታ «ሹራብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ሹራብ አልችልም፣ ኪሮሽ ግን እችላለሁ አልኳቸው። ልጅ ሆኜ ዳንቴል ያልሠራሁለት ዕቃ የለም። የወንበር፣ የጠረጴዛ፣ የሬዲዮ። ቴሌቪዥን ሳይኖረን የቴሌቪዥን ልብስ ሠርቻለሁ። ኦማ ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አምስት መርፌ አወጡ።

ኳሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት በኩል ሹል የሆኑ አምስት ቀጫጭን መርፌዎች ያስፈልጋሉ። አራቱ ላይ ሦስት ሦስት የክር ቀለበት ትጥያለሽ፤ በድምሩ 12። በአምስተኛው መርፌ ዙሪያውን ትሠሪያለሽ። በየዙሩ እየጨመርሽ 48 ስትደርሺ ሆዱ ሞላ ማለት ነው። ጥቂት ዙር ሳትጨምሪ ትሄጂያለሽ። ከዚያ እየቀነስሽ እንደገና ወደ 12። ውስጡን በብጥቅጣቂ ሱፍ ትሞይዋለሽ፣ ክሩን በቀሩት ቀለበቶች አሳልፈሽ ጥብቅ አድርገሽ ትስቢያለሽ፣ አፉ ይዘጋል። ከላይ መስቀያ ክር። ለለመደ ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የኔ የመጀመሪያዋ አራት ምሽት ፈጅታ ድንች መሰለች። ኦማ አገላብጠው አዩዋትና «ድንችም እንወዳለን» አሉኝ።

ኮከቧ ሌላ ጣጣ አላት። በቀጭን ነጭ ክር በኪሮሽ ትሠሪያትና ጫፍ ጫፏን በስፒል ወጥረሽ ወፍራም የስኳር ውሃ ታጠጫታለሽ። ስትደርቅ እንደ ካርቶን ቀጥ ትላለች። የእኛ አገር ሴቶችም ዳንቴል በስኳር ውሃ ያደርቁ የለ? ያው ነው። እንግዲህ ትንሿ የወንድሜ ልጅ የላሰችው ይሄንን ነው።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው ግን የገለባ ኮከብ ነበር። ጀርመኖች የስንዴ ወይም የአጃ አገዳ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፋሉ። ሲለሰልስ ይሰነጥቁታል፣ በካውያ ይተኩሱታል፣ አነባብረው መሐሉን በቀይ ክር ያስሩታል። ኦማ ልጅ ሳሉ ጦርነቱ ያለቀ ሰሞን የመስተዋት ጌጥ መግዣ አልነበራቸውም፤ ገለባ ግን ነበር። ያንን ሲያወሩኝ እጄ ቀድሞኝ ገለባውን አነሳ። እናቴ አክርማና ስንደዶ ውሃ አርሳ፣ ወስፌዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ሰፌድ ስትሰፋ ነው ያደግሁት። የረጠበ ገለባ በጣት መሐል እንዴት እንደሚታዘዝ ማንም አላስተማረኝም። በዚያ ማታ ዘጠኝ ኮከብ አሰርኩ። ኦማ ሦስት። እንደ መወዳደር አደረገን፤ ደስ አላላቸውም መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩም። ቀኑ አይገጥምም። እነሱ በዲሴምበር 24 ማታ በቅቤ የራሰ ብስኩት ሲያዞሩ እኔ ጾም ላይ ነኝ። ጾመ ነቢያት የገባው በኅዳር 15 ነው፤ የሚፈታው በገና። «ትንሽ ብቻ ቅመሺ» ይላሉ። የዚያን ማታ ፈረቃም ሁሌ የኔ ነው፤ «ያንቺ ገና ገና ነው» ይሉኛል። በአማርኛ ምን ያህል እንደሚያስቅ አያውቁም።

የኔ ገና ሲደርስ ደግሞ የእነሱ ዛፍ መንገድ ላይ ተጥሏል። በጃንዋሪ መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ በር በሩ ላይ የተጋደመ የገና ዛፍ ነው፤ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ይህን ሳይ ሆዴ ባባ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ብልጥ ሆንኩ። በዋዜማው ማታ ደህናውን መርጬ ወደ ቤት ጎተትኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለውም። እኔ ወደ ላይ ስወጣ ቅጠሉ ወደ ታች ይረግፋል። ጠዋት ደረጃውን ሙሉ አረንጓዴ አድርጌው አገኘሁት። አንድ ጎረቤቴ በር ላይ ወረቀት ለጥፈውልኛል፤ ሰላምታ የለውም። በክብረ በዓል ቀን መጥረጊያ ይዤ ሦስት ፎቅ ጠረግሁ። ዛፉ ግን አማረ። ራቁቱን ቀርቶ የነበረ ቅርንጫፍ ላይ ሁሉ ኳስና ኮከብ ሰቀልኩ።

በ2010 ለገና አገር ቤት ገባሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ወርደን ቁርስ በላን። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ መንዝ ይኬዳል። ሞላሌን አልፈን መሐል ሜዳ ስንደርስ ጀንበር ጠልቃለች። ብርዱን አልነግራችሁም። ጀርመን በረዶ አለ ብዬ የምኩራራ ሰው፣ በታኅሣሥ የመንዝ ጠዋት አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያንጸባርቅ ጋቢ ላይ ጋቢ ደረብኩ። አዲስ አበባ ዛፍ ላይ ጥጥ በጣጥሰው በረዶ ነው ሲሉ ሁሌ ይገርመኛል። መጥተው የእኛን ሜዳ አያዩም?

ከስድስቱ ኳሶች አንዷ በሕይወት ነበረች። እማዬ መርፌ መሰኪያ አድርጋታለች። ወስፌዋ፣ ሁለት የስፌት መርፌ፣ አንድ የተጣመመ ስፒል ተሰክተውባታል። ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥላለች። ደግሞ ቦታው አምሮባታል።

ያን ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን አስረዳኋት። «ዛፍ ላይ የሚሰቀል ጌጥ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«የምን ዛፍ?»

«ጽድ ቆርጠው ቤት ያስገባሉ።»

«ቤት ውስጥ? ለማገዶ?»

«ለጌጥ።»

«የቤተ ክርስቲያኑን ጽድ ማን ይነካል? አብደሻል እንዴ ልጄ!»

የእነሱ ጽድ የእኛ እንዳልሆነ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ለዚሁ ተብሎ እንደሚያድግ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከኦማ የሰማሁትንም ጨመርኩላት። በጥንት ጊዜ ዛፉ ላይ የሚሰቀለው ፖም ነበር። በእነሱ ቀን አቆጣጠር የገና ዋዜማ የአዳምና የሔዋን ቀን ነው፤ ዛፉም የገነቷ ዛፍ ምሳሌ ነበር። የመስተዋቱ ኳስ ኋላ የመጣ ነው፤ ላውሻ በምትባል የመስተዋት ነፊዎች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ። የኔ የሱፍ ኳስ ደግሞ የዚያ ልጅ።

አዳም ሲባል እማዬ ቀና አለች። ይሄማ የእሷ ነገር ነው። «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ብሎት የለ? 5,500 ዘመን ጠብቆ!» ትንሽ አሰበችና «ግን ፖም ማን አላት? በለስ ናት» አለች። ይህንን ለማን ላመልክትላት? ከዚያ ነገሩን በራሷ መንገድ ዘጋችው። «ይሁና። እረኞቹም ጌታ ተወለደ ሲባሉ ደስ ብሏቸው በዱላቸው ኳስ መቱ ነው የሚባለው። ልጆቹም አላጠፉም።»

መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ከሙዳይ የክር ድውር አወጣች። የመንዝ በግ ጠጉር ነው። ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ በእንዝርት የተፈተለ። እኛ ዘንድ ጠጉር የምትፈትለው ሴት ናት፣ ባናውንና ዝተቱን የሚሸምነው ወንድ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፈትላለች። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ነው፤ ቀለም አልነካውም፣ በጉ ራሱ እንደዚያ ነው። «የላክሽው ክር ልም ነው፤ በግ በግ አይልም» አለችኝ። አንድ ኪሎ የሚሆን አሸክማኝ ተመለስኩ። ሻንጣዬ ጭስ ጭስ ሸተተ። በጉምሩክ የነበረው ሰውዬ አሽትቶ ዘጋው።

ለኦማ ወሰድኩላቸው። ድውሩን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። የገበሬ ልጅ ናቸው። «የአባቴ በረት» አሉ፣ ሌላ ነገር አላሉም። ከዚያ መርፌያቸውን አነሱ። ክሩ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ አንገት ይበላል። ለጌጥ ግን ወደር የለውም። አይላላም፣ አይጨማደድም፣ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ሱቅ የሚሸጠው ለስላሳ ክር በሁለት ዓመቱ እንደ ፊኛ ይሟሽሻል። በዚያ ዓመት ባዛር ላይ የእኔ ባለ ሦስት መልክ ኳሶች ከሁሉ ቀድመው አለቁ። አንዲት ሴት የምን ዘር በግ ነው ብላ ጠየቀችኝ። «መንዝ» አልኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሠራለሁ። አንድ ዓመት 24 የጣት ቁመት ያላቸው ካልሲዎች ሠርቼ ለመጦሪያው ገመድ ላይ ደረደርኩ፤ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ በየቀኑ አንዱ ውስጥ ከረሜላ ይገባል። ሌላ ዓመት የገለባ ኮከብ ብቻ። ኦማ አንዷን ጥቁር ኳስ ዛፍ ላይ አላሰቅልም ብለው አልጋቸው ራስጌ አደረጓት።

ዘንድሮ ደግሞ ስድስት ኳስ ወደ መንዝ ላክሁ። አሁን ተምሬአለሁ። አንዷን ለልጆቹ ብዬ ውስጧን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ላይዋን በድርብ ክር ሠርቼ፣ ድንጋይ አስመስያታለሁ። እሷን ለብቻዋ ጠቅልዬ «ለመጫወቻ» ብዬ ጻፍኩ። አምስቱን በሌላ ፌስታል አድርጌ በትልልቁ «ለመስቀል ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ግልጽ ነው ብዬ ነበር።

በገና ማግስት ደወልኩ።

«ኳሷ ግሩም ናት» አለች እማዬ። «የወንድምሽን ልጅ ጉልበት አሳብጣለታለች።»

«ሌሎቹስ? ሰቀልሻቸው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ልጁ ሲያነበው ለመስቀል ነው አለኝ። ደመራ ላይ ነው የሚንጠለጠለው? እንዳይቃጠል! ሙዳይ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ እስከ መስከረም አይጥ አያገኘውም።»