ለሚመጣው ማሽን የምመኘው

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ልቤ አልረጋም። ለምን ብባል መልስ የለኝም፤ አንዳንድ ቀን እንዲህ ያደርገኛል፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ሲሆንብኝ ማንበብም ከሰው ማውራትም አይሆንልኝም። ገና ያልመጣ ነገርን ማሰብ ግን ያሳርፈኛል። ዛሬ ሐሳቤን የወሰደው የሚቀጥለው የሶኒ የጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን ነው።

መልኩን ገና አላየነውም። የፕሌይስቴሽን 4ን እና የ5ን አሠራር የመራው ማርክ ሰርኒ በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ ጋር ስለሚሠሩት አዲስ የግራፊክስ ቴክኖሎጂ ሲያብራራ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚወጣ ኮንሶል (የጌም ማሽን) ላይ ሊያየው እንደሚጓጓ ተናግሮ ነበር። ከነገሩ ሁሉ ልቤን የሳበው የብርሃንን አካሄድ ለማስላት ለብቻው የተመደበ ክፍል ነው። ይህንን ለትንሿ እህቴ ስነግራት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «እሺ፣ ምን ጌም እንዲመጣልህ ትፈልጋለህ ወንድምዬ?» አለችኝ።

«ብለድቦርን» አልኳት፣ ሳላስብ።

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ መሆኑ አይገርመኝም። በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣ የጌም ሠሪው ኩባንያ የፍሮምሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሂደታካ ሚያዛኪ። ያርናም የምትባል ከተማ በሌሊት ትገባላችሁ፤ በደም ሕክምና የታወቀች ከተማ ናት፣ ነዋሪዎቿ ግን ወደ አውሬነት እየተለወጡ ነው። እናንተ አዳኝ ናችሁ። መጀመሪያ ላይ የምትፈሩት አውሬውን ነው። እየገፋችሁ ስትሄዱ ግን ፍርሃታችሁ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ከከተማው በላይ የሆነ፣ ስም የማይገኝለት ነገር ሲያያችሁ እንደነበር ይገባችኋል፤ ይህንንም ማንም ቁጭ ብሎ አይነግራችሁም። ደግሞ ያቺ ሕግ! ጠላት ሲመታህ ወዲያው መልሰህ ከመታኸው ያጣኸውን ጤና ታስመልሳለህ። ሌላው ጌም ሁሉ ስትጎዳ ሽሽ ይልሃል፣ ይህኛው ግባበት ይልሃል። አንዲት ሕግ የሰውን አጨዋወት ከሥሩ ስትቀይር እንደዚህ ጥርት ብሎ ያየሁበት ጌም ብዙ የለም።

ታዲያ ይህ ጌም በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ምስል ብቻ እያሳየ ነው የሚሄደው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብትከፍቱትም ያው 30 ነው፤ ማሽኑ ጉልበት አንሶት ሳይሆን ገደቡ ጌሙ ውስጥ ስለተጻፈ። ሠላሳዎቹም በእኩል ልዩነት አይመጡም፤ አንዱ ይዘገያል፣ ቀጣዩ ይቸኩላል። ዓይን ባያውቀው እንኳ ጣት ያውቀዋል። አዲስ ጌም የሚተዋወቅበት ዝግጅት በመጣ ቁጥር የኛ ዓይነቱ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ብለድቦርን ታድሶ እንዲመጣ ነው። እኔም እጠብቃለሁ። በ60 ፍሬም፣ ሌላው አሠራሩ ሳይነካ፣ የያርናም ፋኖሶች በአዲሱ የብርሃን ስሌት ሲበሩ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚህ የበለጠ ምንም አልፈልግም።

አይ፣ እፈልጋለሁ። የፕሌይስቴሽን 3 ዘመን ተመልሶ እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ።

በ2008 የወጣውን ሜታል ጊር ሶሊድ 4ን ከታላቃችን ጋር ነው የጨረስነው። መጨረሻው ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስኔክ አርጅቶ፣ ሰውነቱን በሚጠብስ ጨረር በተሞላ ኮሪደር ውስጥ በሆዱ የሚሳብበት ቦታ አለ። ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ያለማቋረጥ መጫን አለበት፤ ካቆመ ስኔክ ይቆማል። ታላቃችን ጣቱ ዝሎ ጆይስቲኩን ሲያቀብለኝ አስታውሳለሁ፤ እኔም ሲደክመኝ መለስኩለት። የእኛ እጅ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ደከመ። በፊልም ቢሆን ዝም ብለን እናየው ነበር።

ያ ጌም ለረጅም ዓመታት ከፕሌይስቴሽን 3 አልወጣም፤ የዚያ ማሽን ብዙ ጌሞችም እዚያው ቀርተዋል። ምክንያቱ ሴል የሚባለው ፕሮሰሰር ነው። ሶኒ፣ አይቢኤም እና ቶሺባ አብረው የሠሩት፣ አንድ ዋና አንጎልና ስምንት ረዳቶች የነበሩት ነው፤ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የሚሠሩት ረዳቶች ሰባት ነበሩ። ጌም ሠሪው ሥራውን ለረዳቶቹ በእጁ ከፋፍሎ ማከፋፈል ነበረበት። የተካነበት ሰው ተአምር ሠራበት፣ ያልተካነው ተሰቃየ። ቀጥሎ የመጣው ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከተራ ኮምፒውተር ጋር የሚቀራረብ ሆነና የሴልን ቋንቋ የሚሰማ ጠፋ። ፕሌይስቴሽን 5 እንኳ የዚያን ዘመን ጌም በራሱ አያስኬድም፤ ታድሶ ያልወጣው ከሩቅ ሰርቨር በኢንተርኔት እየተላለፈ ነው የሚታየው። ይህ ለእኔ ጌሙ አለኝ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ፕሌይስቴሽን 2 በሆዱ ውስጥ የፕሌይስቴሽን 1ን ፕሮሰሰር ይዞ ነበር። የራሱን ጌም ሲያጫውት ያ አሮጌ ፕሮሰሰር የጆይስቲኩንና የሚሞሪ ካርዱን ግንኙነት ያካሂዳል፤ የድሮ ዲስክ ሲገባበት ደግሞ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ተመልሶ የራሱን ጌም ያስኬዳል። አያቱን አዝሎ የሚሄድ ማሽን ነበር ማለት ነው፤ አያትየውም በጀርባ ላይ ሆነው ሥራ አልፈቱም። በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎችም የ2ን ቺፖች ይዘው ነበር የመጡት፤ በኋላ ወጪ ሲቀነስ ተነሡ። ከሚመጣው ማሽን ከማንኛውም የብርሃን ስሌት በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው። ከፊቱ የነበሩትን ሁሉ ይዞ ይምጣ።

ይህን የምለው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ በጊዜው ገበያ ላይ አይገኙም ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ዊ ዩ እና 3ዲኤስ የሚባሉት የኒንቴንዶ ማሽኖች የኢንተርኔት መደብሮች ለገዢ ተዘጉ፤ በ2024 በጁላይ የማይክሮሶፍት ማሽን የኤክስቦክስ 360 መደብር ተከተለ። ሶኒ ደግሞ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን እና በእጅ የሚያዘውን የቪታን መደብር ሊዘጋ አስታውቆ ተጫዋቾች ሲጮሁ ሐሳቡን ቀየረ። ጩኸት ይሰማል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው እኔም የምጽፈው።

ስለ ፒ.ቲ. ካነሣሁ ግን አልጨርስም። በኦገስት 2014 በነፃ የተለቀቀ የጌም ማሳያ፤ አንድ የሚታጠፍ ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ በር፣ በሩን ስትከፍት እንደገና ያው ኮሪደር። በዞርክ ቁጥር አንድ ነገር ይለወጣል። ሚስጥሩን የፈታ ሰው የጌም ሠሪው የሂዴዮ ኮጂማና የፊልም ዳይሬክተሩ የጊየርሞ ዴል ቶሮ ሳይለንት ሂልስ የተሰኘ ጌም እየተሠራ መሆኑን ያገኝ ነበር። ጌሙ ተሰረዘ፤ በ2015 በኤፕሪል ማሳያውም ከመደብሩ ወጣ፤ ያጠፋው ሰው መልሶ ማውረድ አልቻለም። ማሽናቸው ላይ ያቆዩት ሰዎች እስከ ዛሬ እንደ ቅርስ ይጠብቁታል። አንድ ኮሪደር ነው እኮ! አዲሱ ማሽን ሲከፈት እሱ ብቻ ቢኖር ሌላውን ለጊዜው እታገሣለሁ።

ከዚያ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» አልኳት።

«እሱን እኮ ተጫውቼዋለሁ» አለች ትንሿ።

የተጫወተችው ብሉፖይንት የተባለ ኩባንያ ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ሠርቶ በ2018 ያወጣውን ነው። የእኔ የ2005ቱ ነው፣ የፕሌይስቴሽን 2። ታሪኩ አንድ ነው፦ አንድ ወጣት የሞተች ልጅ በፈረስ ጭኖ ወደ ተከለከለ ምድር ይመጣል፤ እንድትነሣለት አሥራ ስድስት ግዙፍ ፍጡራንን መግደል አለበት። በዚያ ሰፊ ምድር ሌላ ጠላት የለም። ነፋስ፣ ፍርስራሽ፣ ፈረሷ አግሮ፣ ዝምታ። አንዱ ግዙፍ በወደቀ ቁጥር የሚሰማው የድል ዜማ ሳይሆን የሐዘን ነው፤ ጥቁር ነገርም ከሬሳው ወጥቶ ልጁ ውስጥ ይገባል። ታላቃችን ሦስተኛው ሲወድቅ «ምን አደረገን ይሄ?» ብሎ ዝም ማለቱ አይረሳኝም።

የጌሙ ዳይሬክተር የፉሚቶ ኡዌዳ ቡድን ይህን ሁሉ ያስኬደው 32 ሜጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ይጨነቅ ነበር። ግዙፉ እግሩን ሲያነሣ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ምስሉ ይከብዳል፣ ፍሬሙ ከ30 በጣም ይወርዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን እንደ ጉድለት አላየሁትም፤ የፍጡሩ ክብደት ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት። ምድር እንዲህ ያለ ነገር ሲረግጣት ጊዜ ራሱ ይንቀራፈፋል ብዬ። ለትንሿ ይህንን ነገርኳትና አሮጌውን አሳየኋት። ትንሽ ሞከረችና፣ «ይሄ እኮ ይንቀጠቀጣል፣ ፈረሷም አትታዘዝም» አለች። አዲሱ ይሻላል፣ ያው ነገር ነው አለችኝ። ያው አይደለም አልኳት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«አግሮ ድልድዩ ላይ ስትወድቅ አልቅሻለሁ» አለች። «ታዲያ ያለቀስኩት በምኑ ነው?»

መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። እሷ ያለቀሰችው በእውነት ነው። የእኔ እንባ ላይ የማሽኑ ድካም ነበረበት፣ የእሷ ላይ አልነበረም፤ ሁለታችንም ግን ያለቀስነው ለአንዲት ፈረስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። የኡዌዳ ቀጣይ ሥራ «ዘ ላስት ጋርዲያን» በ2009 ተዋውቆ በ2016 ነው የወጣው። የመጀመሪያውን ዲስክ አፕዴት ሳታደርጉ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብታስገቡት በ60 ፍሬም ይሄዳል፤ አፕዴት ካደረጋችሁት 30 ላይ ይቆማል። ፍጥነቱ ዲስኩ ውስጥ ተኝቶ የሚችለው ማሽን እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ይህንን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ያ ትልቅ ላባማ እንስሳ ሲዘል እንዲያ ለስልሶ ማየት ደስ ይላል። ታዲያ እዚያ ላይ ዝግታው የጌሙ ነፍስ ነው ብዬ አልተከራከርኩም።

ለብለድቦርንም 60 ይሁንልኝ ብያለሁ፣ ሳላመነታ። ያርናምን በ30 ያወቀ፣ ያንን የተቆራረጠ አካሄድ የቅዠቱ አካል አድርጎ የወደደ ሰው የለም ማለት ግን አልችልም። እንደኔ ልጅ ሆኖ የተጫወተው ይኖራል፤ ነገ ታናሹ በአዲሱ ማሽን ላይ ለስላሳውን ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ያው አይደለም» የሚል።

ሁለቱንም ያምጡልን፣ ሰው ይምረጥ ብል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን አላለቀም፤ የመረጥነው ይቀራል፣ ያልመረጥነው ይረሳል፣ ከኛ በኋላ የሚመጣ ልጅም የሚያገኘው በብዛት የተመረጠውን ነው። ኡዌዳና ጓደኞቹ ያን ክብደት ፈልገው ነበር ወይስ ማሽኑ ነው የጫነባቸው? የፈለጉት ከሆነ ሪሜኩ (እንደ አዲስ የተሠራው) አንድ ነገር ወስዶብናል። ማሽኑ ከሆነ ደግሞ እኔ እነዚህን ዓመታት ሁሉ የወደድኩት የሽቦና የቺፕ ድካምን ነው፤ ያም ቢሆን መውደዴን አልተውም። ለአንዱ ጌም ነፃ አውጡት እያልኩ ለሌላው አትንኩት የምለው በምን ዳኝነት ነው? በልጅነቴ ስላገኘሁት ብቻ ነው?