«ሃንግ ኦን» ሲሏት ስልኩን ዘጋችው

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሪሴፕሽን ገባች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ጻፊ ካላችኋት አትቸገርም። በሦስተኛው ቀን ግን ከውጭ አገር የደወለ እንግዳ «ሃንግ ኦን» አላት። እሷ የምታውቀው «ሃንግ አፕ»ን ነው፣ ስልክ መዝጋት። ያው መስሏት ሰውየው ጆሮ ላይ ዘጋችበት። ተመልሶ ሲደውል በጣም ተቆጥቶ ነበር። ማታ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ ይሄ ነገር ሁሌም ያበሳጨኛል። ልጆቹ ረጅም ዝርዝር ይሰጣቸዋል፣ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ያልፋሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ሁሉም ነገር ይጠፋባቸዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰድኳትና ዓሣ ጥብስ በዳጣ አዘዝን። የጀመርነው ከድሮው የግድግዳ ስልክ ነው። መነጋገሪያው መንጠቆ ላይ ይሰቀል ነበር፣ ሲሰቀል መስመሩ ይዘጋል። «ሃንግ» መስቀል ነው። ዛሬ የሚሰቀል ነገር የለም፣ አነጋገሩ ግን ቀረ። «ሃንግ ኦን» ደግሞ እንዳትለቂ፣ ይዘሽ ቆዪ ነው። «ፑት ሚ ስሩ» የሚሉትም እንዲሁ፤ ድሮ ኦፕሬተሯ ገመዱን ቦርዱ ላይ ሰክታ ነበር ሁለት ሰው የምታገናኘው፣ ስለዚህ እንግዳው «አገናኚኝ» እያለሽ ነው አልኳት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ‹ዩ አር ብሬኪንግ አፕ› ያለችኝ ሴትዮስ?»

ብሬክ አፕን የምታውቀው ከፍቅረኛ መለያየት ነው። ሴትዮዋ ግን ድምፅሽ ይቆራረጣል ማለቷ ነበር።

ይሄን ስነግራት ዝም ብላ አሰበች። እኔም የራሳችንን አማርኛ እንድታየው ፈለግኩ። ቆረጠ እንላለን፣ ገመዱን በቢላ። ስልኩ ተቋረጠ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። ሥሩ አንድ ነው፣ እኛ ግሡን ከውስጥ እንለውጠዋለን፣ እንግሊዝኛ ግን ግሡን እንዳለ ትቶ ከኋላው «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ስሩ» ይቀጥልበታል። ደግሞስ «ብድግ አለ»ን ለፈረንጅ ቃል በቃል እንዴት ታስረጂዋለሽ? ማን ነው ብድግ ያለው፣ ለማን ነው ያለው? እነሱም በ«ብሬክ አፕ» እንደዚያው ናቸው።

ከዚያ በኋላ እሷ ራሷ መፈለግ ጀመረች። ሁለት ሰዎች ገና ሲተዋወቁ ሲግባቡ «ሂት ኢት ኦፍ» ይላሉ፣ እሷ ወዲያው «ደማቸው ገጠመ!» አለች። ማግባትን «ታይ ዘ ኖት» ይሉታል፣ ቋጠሮ ማሰር። እኛም እኮ ቀለበት አሰረች እንላለን። በጣም የወደድኩት ግን «ኪፕ ኢን ተች» ላይ ያለችውን ነው። መዝገበ ቃላት «ግንኙነታችንን እንቀጥል» ይልሻል። ማን እንደዚህ ይላል? «እንዳንጠፋፋ» ነዋ፣ አለች። በአንዲት ቃል ጨረሰችው። ለማስተማር ስንት ዓመት ስደክም ይቺ ቃል አልመጣችልኝም ነበር።

ፊት ለፊታችን አንድ ዓሣ አጥማጅ የተቀደደ መረቡን ዘርግቶ ይጠግናል። ክሩን በጣቱ እየያዘ፣ በአንዱ ቀዳዳ እያሳለፈ፣ ጠበቅ አድርጎ ይቋጥራል፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ደግሞ ከአጠገቡ አይጠፉም። «ኔትወርክ ማለት ይሄ ነው» አልኳት። «ኔት» መረብ፣ «ወርክ» ሥራ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘጸአት 27፥4 ላይ፣ ስለ መሠዊያው የናስ መከታ ሲናገር ይሄው ቃል አለ፤ ስልክ በሌለበት ዘመን ማለት ነው። የእኛም በዚያው ቦታ መረብ ይላል። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ዓሣዋን ትታ ሰውየውን ነበር የምታየው።

ትናንት ማታ ሥራ ላይ እያለች ደወልኩላት። «ጋሼ፣ ሃንግ ኦን» አለችኝ። ከወዲያ ሌላ ስልክ አንስታ «አይል ፑት ዩ ስሩ» ስትል ይሰማኛል፣ ረጋ ብላ። መስመሩ ላይ ቆየሁ።